አስቸኳይ፦ የሄፓታይተስ ቢ ሰርፌስ አንቲጅን ኔጋቲቭ፣ ኮር አንቲቦዲ ሪአክቲቭ፤ ባዮሎጂኩ ነገ ይሰጥ?

ሲስተር ተረኛ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ባዮሎጂክ (የሰውነት መከላከያን የሚገታ መርፌ) የምትጀምር የሩማቶይድ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ታካሚ አለች። የሄፓታይተስ ቢ ሰርፌስ አንቲጅኗ (የቫይረሱ የላይኛው ፕሮቲን) ኔጋቲቭ ነው፤ ከሥሩ ግን «ኮር አንቲቦዲ ቶታል፦ ሪአክቲቭ» ይላል፤ ለቫይረሱ ውስጠኛ ክፍል የተሠራ አንቲቦዲ ተገኝቷል ማለት ነው። ኤኤልቲ (የጉበት ምርመራ) 22። ልስጣት ወይስ ላቆየው?

ቶሎ በል፦
22 ኖርማል ነው፣ ጉበቷ ደህና ነው። ስጫት።

የመድኃኒት ባለሙያው፦
ቆይ እንጂ! የትኛው ባዮሎጂክ? አዳሊሙማብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤኤልቲና ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) በየ3 ወሩ እየተከታተሉ ይሰጣል። ሪቱክሲማብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ሲስተር ተረኛ፦
ሪቱክሲማብ 1000 ሚሊግራም፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ደግሞ ሁለተኛው።

አቦል፦
ዋናው ነገር በረካ ላይ መጣ 😄

ጋሽ ላብራቶሪ፦
ልጆች፣ ኤኤልቲ የሚነግራችሁ የዛሬውን ነው። ኮር አንቲቦዲ ከክትባት አይመጣም፤ ክትባት የሚያመጣው የሰርፌስ አንቲቦዲ ብቻ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ አንድ ጊዜ ገብቷል። «ለቀቀ» ቢባልም ዲኤንኤው ጉበት ሴል ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። አፍኖ የሚይዘው የሰውነት መከላከያ ነው፤ ሪቱክሲማብ ደግሞ የመከላከያው ክፍል የሆኑትን ቢ ሴሎች ይጠርጋል። ሰርፌስ አንቲጅን ኔጋቲቭ በሆነ ሰውም ቫይረሱ ሊነሳ ይችላል፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በሣጥን ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ፣ የጨመረበት ለዚህ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በቅርቡ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተሰበሰበ አንቲቦዲ) ወይም ደም ወስዳለች? ከለጋሽ የመጣ አንቲቦዲም ሪአክቲቭ ያሳያል።

ሲስተር ተረኛ፦
አልወሰደችም። ግን ሐኪሙ «ኔጋቲቭ» ብሎ ፈርሟል እኮ።

የመድኃኒት ባለሙያው፦
የላይኛውን መስመር ብቻ አይቶ ይሆናል። ዛሬ ማታውኑ ደውዪለትና ኮር ሪአክቲቭ መሆኑን በቃል ንገሪው፣ ካርዷ ላይም ጻፊ። ሩማቶይድ ጥቂት ቀን ይታገሣል። የሚጠበቀው ትእዛዝ ቫይረሱ እንዳይነሳ የሚሰጥ መከላከያ ክኒን ነው፦ ኤንቴካቪር 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ በባዶ ሆድ (ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ፣ ከሚቀጥለው 2 ሰዓት በፊት)፤ ወይም ቴኖፎቪር 300 ሚሊግራም። ለሁለቱም ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ይታይ። ቢዘገይ ቢዘገይ ከሪቱክሲማቡ ጋር እኩል ይጀመር።

ቀበና፦
ቴኖፎቪር ይጀመርላት።

አቦል፦
ከላይ ተብሏል።

ቶሎ በል፦
ሌላው የቫይረስ ክኒን፣ ላሚቩዲን፣ ሞልቶ የለ እንዴ?

የመድኃኒት ባለሙያው፦
ለረጅም ጊዜ ብቻውን ከተሰጠ ቫይረሱ ይላመደዋል። ደግሞም ኤችአይቪ ሳይመረመር ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አይጀመር፤ ካለባት የኤችአይቪ መድኃኒቷን ያበላሽባታል።

ቀበና፦
አልማዝ ባለጭራስ? እሱም ይነሳል። ሕያው ክትባት እንዳትሰጪያት።

ጋሽ ላብራቶሪ፦
እሱን በሌላ ቀን። ለቫይራል ሎድ የሚሆነው ደም መከላከያው ሳይጀመር ዛሬ በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቱቦ ይወሰድ፣ ፕላዝማው በዕለቱ ተለይቶ ይቀዝቅዝ። ውጤቱ ቢዘገይ ግን መከላከያውን አያስቆምም።

የመድኃኒት ባለሙያው፦
ብዙ ቦታ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። ሪቱክሲማቡ ሲያልቅ ክኒኑንም አብረው ያቆሙታል፤ ስህተት ነው። ክኒኑ ከመጨረሻው የሪቱክሲማብ መርፌ በኋላ ቢያንስ 12 ወር ይወሰድ፤ 18 የሚሉ መመሪያዎችም አሉ። ከቆመም በኋላ አንድ ዓመት ክትትል።

ጋሽ ላብራቶሪ፦
ሲስተር፣ ደሙ ተወሰደ?

አቦል፦
ተረኛ?