የበሩ ማሽን፦ ለጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ስንለያይ እንደተባባልነው፣ የማኅበራችን ሱቆች የሌባ መከላከያ ነገር እዚህ ይቋጭ። ማሽን ያልኩት ሒሳቡ ያልተከፈለበት ዕቃ በሩን ሲያልፍ የሚጮኸውን ነው፤ የሚያስጮኸው ዕቃው ላይ የሚደረገው ምልክት፣ ታግ የሚባለው ነው። የእኔ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ስምንቱም ሱቆች በየበራቸው የታግ መፈተሻ ማሽን ያስገቡ፤ ወጪውን በእኩል ይክፈሉ።» ሌላ የለውም። ቅደዱት፣ ጨምሩበት፣ እንደፈለጋችሁ።

የሱፐርማርኬቱ ባለቤት፦ በእኔ በኩል ማሽኑ ትናንት ቢገባም ዘገየ ነው የምለው። ባለፈው ቆጠራ የሕፃን ወተት ብቻ 11 ቆርቆሮ ጎደለብኝ። ዘይት የሚሰርቅ የለም፣ ይከብዳል። የሚሄደው ወተት፣ ምላጭ፣ ዲኦድራንት ነው። ትንሽ ሆኖ ውድ የሆነ፣ ጃኬት ሥር የሚገባ። ግን ይሄ «በእኩል» የሚባለው አልተዋጠልኝም። ጫማ ጠጋኙ ወንድማችን ምን ይሰረቅበትና ነው ከእኔ እኩል የሚከፍለው?

ጫማ ጠጋኙ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ከእኔ ቤት የሚጠፋው ደንበኛው ራሱ ነው። ጫማውን ሰጥቶ በዚያው ይቀራል። በሱ ላይ የሚጮህ ማሽን ካመጣችሁ እከፍላለሁ።

የኤሌክትሮኒክስ ጥገናው፦ ከብሩ በፊት የትኛውን ዓይነት እንደምንገዛ እንወስን። በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው።

አንዱ በሬዲዮ ሞገድ፣ በ8.2 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ነው። ታጉ ተለጣፊ ወረቀት ነው። ወደ ብርሃን ብታነሡት ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠማዘዘ የብረት መስመር ታያላችሁ። ርካሽ ነው። ብረት ግን አይወድም። የወተት ቆርቆሮ ላይ ለጥፋችሁት በሩን ብታሳልፉት ዝም ሊል ይችላል። ቦርሳውን በፎይል ለብዶ የመጣ ሌባም ያታልለዋል።

ሁለተኛው በ58 ኪሎኸርዝ የሚሠራው ነው። ታጉ እብጥ ያለች የፕላስቲክ ቁራጭ ናት፣ የትንሽ ጣት ስፋት ያላት። አንዷን በምላጭ ሰንጥቄ አይቻታለሁ። ውስጧ የሚያብረቀርቅ ስስ የብረት ቅጠል ሳይጣበቅ ልቅ ሆኖ ተቀምጧል። ከጎኑ ደግሞ ማግኔት የሆነ ሌላ ቅጠል አለ። በሩ ላይ ያለው ማሽን አጭር ምት ይልክና ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ልቁ ቅጠል እንደተመታ ደወል ለአፍታ ይርገበገባል። ማሽኑ ያንን ሲሰማ ነው የሚጮኸው። ሒሳብ ሲከፈል ካሸሯ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማጥፊያ የሁለተኛውን ቅጠል ማግኔትነት ይወስድበታል፣ ቅጠሉም ቃናውን ይስታል። ፎይል እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አያሸንፈውም። ለቆርቆሮ ግን እሱም ቢሆን ከብረቱ ፈንጠር ብሎ፣ ፕላስቲክ ክዳኑ ላይ ቢለጠፍ ይሻላል።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው፣ ለሁላችንም አንድ ዓይነት። ታጉን በጅምላ እናመጣለን፣ አንዱ የታግ መንቀያ መሣሪያ ቢበላሽ ከጎረቤት ይዋሳል።

የቡቲኩ ባለቤት፦ አንድ ዓይነት ከሆነማ፣ ከእኔ የተገዛ ሱሪ ታጉ ሳይነቀል ቢወጣ ሱፐርማርኬቱ በር ላይም ይጮሃል ማለት ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ጥገናው፦ አዎ፣ ይጮሃል። እሱን ልደብቃችሁ አልችልም።

የኮስሞቲክሱ ካሸር፦ እኔ ባለሱቅ አይደለሁም፣ ግን ጠረጴዛው ላይ የምውለው እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ ትልቅ ልብስ ቤት ሹራብ ገዛሁ። ካሸሯ ልብሱ ላይ የተወጋውን የታግ ፒን ሳትነቅል ፌስታል ውስጥ ከተተችው። በሩ ላይ ስደርስ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘበኛው ፌስታሉን ከእጄ ነጥቆ ቦርሳዬንም ገለበጠው። ደረሰኙን ይዤው ነበር እኮ! ማን ይየው። ፒኑ ሲገኝ «ሂጂ» አለኝ። በቃ፣ «ሂጂ»።

እዚህ ደግሞ ባሕር ዳር ነው። ሰው ይተዋወቃል። ያስደነገጣችኋት ልጅ ማታ ጣና ዳር ከእናታችሁ ጋር ቡና ስትጠጣ ታገኟታላችሁ። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ይጻፍልኝ፦ ማሽኑ ሲጮህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ካሸሩ ነው። ዘበኛው «ይቅርታ፣ ታጉን ረስተንብዎት ይሆናል፣ ደረሰኙን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ይመለሱልን» ይበል። ቦርሳ አይንካ።

ሰብሳቢ፦ እደግፋለሁ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ ሰው አካሉና ንብረቱ እንዳይፈተሽ መብት ሰጥቶታል። እኛ ፖሊስ አይደለንም። በእርግጥ የሰረቀ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 አለለት፣ ፖሊስ ይጠራል። ይግባ።

የባህል ልብስ ቤት፦ ልጆች፣ እኔ ሌላ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ያ የፒን ታግ የጥበብ ቀሚስ ሊወጋልኝ ነው? ሸማኔው ስንት ቀን የደከመበት ጥለት ላይ ቀዳዳ?

የኤሌክትሮኒክስ ጥገናው፦ እትዬ፣ ገመድ ያለው አለ። ምንም አይወጋም። በእጅጌው አሳልፈው ይቆልፉታል።

የባህል ልብስ ቤት፦ ነጠላ እጅጌ አለው እንዴ?

የኤሌክትሮኒክስ ጥገናው፦ 😄 አሸነፉኝ። ነጠላው በላስቲኩ እንዳለ ይሁን፣ ታጉ ላስቲኩ ላይ ይለጠፍ። አውጥታ የምትለካ ደንበኛ እርስዎ ፊት ነው የምትቆመው።

የቡቲኩ ባለቤት፦ መብራት ሲጠፋስ?

የኤሌክትሮኒክስ ጥገናው፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። የ58ቱ ማሽን ምቱን ከመስመሩ መብራት ጋር ያስማማል። የእኛ መስመር በሰከንድ 50 ዙር ነው። ሁላችንም በመስመር ላይ ስንሆን ጎረቤታም ማሽኖች አብረው ይመታሉ፣ አብረው ያዳምጣሉ። ሁላችንም የየራሳችንን ጄኔሬተር ስናስነሣ ግን ዙሩ ይለያያል። አንዱ ሲያዳምጥ ሌላው ይመታበታል። ያን ጊዜ ወይ በባዶ ይጮሃል፣ ወይ ታግ እያለፈ አይሰማም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ከአንዱ ጄኔሬተር ብቻ እንቀጥል፣ ካልሆነም ማሽኑን አጥፍተን በዓይን እንጠብቅ።

ርካሽ የኤልኢዲ ማስታወቂያም ያውከዋል። በተለይ የብርሃን ጽሑፍ በሩ አናት ላይ ያላችሁ። ተጠቅላዩን የላሜራ በርም ማሽኑን የሚገጥመው ሰውዬ ሲመጣ እናሳየው፤ ማሽኑ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ይኖርበት ይሆናል። ታግ ያለበት ዕቃ ደግሞ ከማሽኑ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ። ሽቶ መደርደሪያውን በሩ ጋ ያደረጋችሁ፣ ታዝናላችሁ ግን ይነሣል።

የኮስሞቲክሱ ካሸር፦ የእኛ ነው። ለባለቤቱ እኔ እነግረዋለሁ።

የሱፐርማርኬቱ ባለቤት፦ ገመዱ በየት ያልፋል? ሴራሚኩን ባለፈው ዓመት ነው ያስነጠፍኩት።

የኤሌክትሮኒክስ ጥገናው፦ ወለሉ ጠበብ ብሎ ይሰነጠቃል፣ በፕላስቲክ ቱቦ ይገባል። የማሽኑ እግር ዙሪያ በሲሊኮን ይደፈን። ክረምት ላይ ጭቃውን በባልዲ ውኃ ነው የምናጥበው፣ ካልተደፈነ ዓመት አይቆይም።

ሰብሳቢ፦ የአባቴ ልብ ላይ ባትሪ አለ። ሱቅ ሲመጡ ችግር አለው?

የኤሌክትሮኒክስ ጥገናው፦ በመደበኛ እርምጃ ያልፉታል። እዚያ መቆም፣ መደገፍ ነው የማይሆነው። ስለዚህ ያቺ በሩ ሥር ያለችው የወሬ አግዳሚ ትነሣ።

ጫማ ጠጋኙ፦ እሷን እኔ እወስዳታለሁ።

የቡቲኩ ባለቤት፦ ክፍያው ላይ እንመለስ። እኔ የምለው፣ የፈለገ ይጀምር። ሱፐርማርኬቱ፣ ኮስሞቲክሱና እኔ። ማሽናችንን ራሳችን እንገዛለን። የማኅበሩ ካዝና የሚከፍለው የጋራውን ብቻ ይሁን፦ የካሸሮችና የዘበኞች ሥልጠና፣ የጄኔሬተሩን መስመር። ሌላው አይቶ ይግባ። ለጥምቀት ሰው ሳይበዛ ይገጠም።

ጸሐፊ፦ እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፦

«ሦስት ሱቆች በራሳቸው ወጪ፣ አንድ ዓይነት የ58 ኪሎኸርዝ ማሽን ከጥምቀት በፊት ያስገቡ። ማኅበሩ ሥልጠናውንና የጋራ ጄኔሬተር መስመሩን ይሸፍን። ማሽኑ ሲጮህ በቅድሚያ የሚጠየቀው ካሸሩ ነው፤ የደንበኛ ቦርሳ አይፈተሽም። ታጉ ከሦስቱ የየትኛውም ይሁን፣ የጮኸበት ሱቅ ይቅርታ ጠይቆ ይነቅለዋል።»

የኮስሞቲክሱ ካሸር፦ አንድ ይቀራል። ታግ ተረሳ ተብሎ ከካሸር ደመወዝ አይቆረጥ። ከተቆረጠ ማንም «እኔ ነኝ የረሳሁት» አይልም። ጥፋቱ ደንበኛው ላይ ይለጠፋል።

የሱፐርማርኬቱ ባለቤት፦ ይሄ ከበደኝ። ሦስቴ፣ አራቴ የረሳስ?

ሰብሳቢ፦ ድጋሚ ይሠልጥን። ብር ግን አይቆረጥ። እሷ ያለችው ልክ ነው ጋሼ፣ እስቲ አስቡት።

የሱፐርማርኬቱ ባለቤት፦ እሺ። ለስድስት ወር እንየው ተብሎ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ለስድስት ወር ተብሎ ገብቷል። ቅዳሜ ከሰዓት አትሜ አዞራለሁ፣ እየፈረማችሁ መልሱልኝ።

ጫማ ጠጋኙ፦ ስታዞር እኔ ጋም ግባ። ቡናማ ጫማህ ከተሠራ ሦስት ወሩ ነው።