ጥንቸላችን በየጊዜው መብላት ታቆማለች፤ ሆዷን የሚዘጋባት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የቡላ አሳዳጊ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ቡላ የምትባል ሁለት ዓመት ያለፋት ሴት ጥንቸል አለችን፤ ክብደቷ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ከመስቀል ወዲህ አንድ ችግር እየተመላለሰ ያሠቃያታል። ድንገት መብላት ታቆማለች፤ ጥግ ይዛ ጀርባዋን አጉብጣ ትቀመጣለች፤ ጥርሷን ታፋጫለች። በጠጧ መጀመሪያ ያንሳል፣ ቀጥሎ ቅርጹን ያጣል፣ አንዳንዴ በፀጉር ተያይዞ ይወጣል፣ በመጨረሻም ጨርሶ ይቆማል። ከአንድ የእንስሳት መድኃኒት መደብር የሆድ መድኃኒት ተሰጥቷት ተሽሏት ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን አገረሸባት።

ምግቧ ጠዋትና ማታ ፉርሽካ ነው፤ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ደረቅ እንጀራም እንሰጣታለን። ከግቢያችን ሣር እናጭድላታለን፤ ሣሩን ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አሽትታ ትተወዋለች። ካሮቱንም በጉጉት ታነሣና ትጥለዋለች፤ ፈቅፍቀን ስንሰጣት ትበላለች። አገጯ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ ከውሃ መጠጫዋ ይመስለናል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፉርሽካውን አልነካችም። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እኔም ከእሷ አልሻልም። አሁን ምን ላድርግላት? ደግሞ እንዳይመለስባትስ?

መልስ፦ የጅሬን ሰፈር ልጅ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የእኔም ጥንቸል አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ራሷን ስትልስ የዋጠችው ፀጉር አንጀቷን ዘግቶት ነው ብለው አንድ ማንኪያ ዘይት አጠጧት፤ ጤና አዳምም በጥብጠው ሰጧት፤ ዳነች። ቤት ውስጥ የአሞክሳሲሊን እንክብል ካለሽ ከፍተሽ ቁንጥር በውሃ መስጠትም ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዝም ብላ እንዳትቀመጥ ወለል ላይ አንቀሳቅሻት።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

ከሁሉ በፊት አሞክሳሲሊኑን እባክሽ እንዳትሰጫት። ጥንቸል ምግቧን የምታብላላው ዕውር አንጀቷ ውስጥ በሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲን በአፍ ሲሰጡ እነዚህን ያጠፉና መርዝ የሚያመነጩትን ጎጂዎች ያነግሣሉ፤ ከዚያ የሚመጣው ተቅማጥ ጥንቸሏን ይገድላል። የሰው ልጅ የዳነበት መድኃኒት ለጥንቸል መርዝ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ወንድሜ ከጅሬን በቅን ልብ እንደጻፍክ አውቃለሁ፤ አንቀሳቅሻት ያልከው ትክክል ነው። ዘይቱ ግን ጥቅም የለውም፤ ትን ካላት ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ፀጉሩም የበሽታው ምክንያት አይደለም። ጤነኛ ጥንቸልም ፀጉር ትውጣለች፤ አንጀቷ እየሠራ ከሆነ ከበጠጡ ጋር ይወጣል። አንጀቱ ሲዘገይ ነው ውሃው ተመጥጦ ፀጉሩና ምግቡ የሚደርቀው።

አሁን ሆዷን በእጅሽ ቀስ ብለሽ ዳብሽ። ለስለስ ብሎ የሚጫን ከሆነ ጊዜ አለሽ። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከሆነ፣ ጆሮዎቿ ከቀዘቀዙና ሰውነቷ ከዛለ ግን በግድ እንዳትመግቢያት፤ አንጀቷ በአንድ ነገር ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ውሰጃት። ቴርሞሜትር ካለሽ ጫፉን ቫዝሊን ቀብተሽ በፊንጢጣዋ ለኪያት። ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ጤነኛ ነው፤ ከ38 በታች ከወረደ አደጋ ነው። የሞቀ ውሃ የያዘ ፕላስቲክ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከጎኗ አስቀምጪ፤ ስታሞቂያትም ጉዞው እንዳይዘገይ። ከ12 ሰዓት በላይ ሳትበላና በጠጥ ሳትጥል የቆየች ጥንቸል እስከ ነገ የምትባል አይደለችም። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፤ ጨጓራዋ የያዘው የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ከጥያቄሽ ውስጥ ልቤን የያዘውን ልንገርሽ። ካሮት አንሥታ ትጥላለች ብለሻል፤ ፈቅፍቀን ስንሰጣት ትበላለች ብለሻል፤ ሣር ትታለች፤ አገጯ እርጥብ ነው። ይህች ጥንቸል የምግብ ፍላጎት አላጣችም፤ መብላት ትፈልጋለች፣ ማኘክ ግን አቅቷታል። የአገጯ እርጥበት የውሃ መጠጫው ሳይሆን ለሃጭ ይመስለኛል። የመንጋጋ ጥርሶቿ ይታዩ።

ጥንቸል 28 ጥርስ አላት፤ ሁሉም ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ። 6ቱ ከፊት ናቸው፤ የቀሩት 22ቱ ጉንጭ ውስጥ ስለተደበቁ ከንፈሯን ገልጠሽ አታያቸውም። ሣር ስትበላ መንጋጋዋ ወደ ግራና ቀኝ እየሄደ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይፋጫሉ፣ እኩል ይበላሉ። ፉርሽካና እንጀራ ግን እንዲህ ያለ መፋጨት አይጠይቁም። ያልተበላው ጥርስ ጠርዝ ሹል ያወጣል፤ የታችኛው ወደ ምላስ፣ የላይኛው ወደ ጉንጭ። ያን ጊዜ ምላሷ ይቆስላል፣ ስለሚያማት ሣር ትተዋለች፣ ቃጫ ያጣ አንጀት ይዘገያል፣ ጋዝ ይሞላዋል፣ ሕመሙ ደግሞ ጨርሶ ከምግብ ይከለክላታል። የሆድ መድኃኒት ስትሰጫት የተሻላትና ያገረሸባት ለዚህ ይመስለኛል፤ ሆዷ የሚታመመው ከአፏ የተነሣ ከሆነ ሆዷን ብቻ ማከም አያዛልቅም።

እዚያው ጅማ ያለው የዩኒቨርሲቲው የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለላችሁ። እዚያ ስትሄጂ «ሆዷን አሟታል» ብለሽ አትቁሚ፤ የመንጋጋ ጥርሶቿን በጆሮ መመልከቻ መሣሪያ እንዲያዩልሽ ጠይቂ። የሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋታል፤ በክብደቷ የሚሰላ ሜሎክሲካም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ነው። ከቤት የሰው ማስታገሻ አትስጫት። ትኩስ በጠጧንም በንጹሕ ብልቃጥ ይዘሽ ሂጂ፤ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተሕዋስ መኖር አለመኖሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ጠያቂዋ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆዷ ለስላሳ ነው፤ ሙቀቷም 38.6 ነው። ባለቤቴ መኪና እየፈለገ ነው። እስከዚያ በስሪንጅ የምሰጣትን ንገሩኝ፤ ለጥንቸል ተብሎ የሚሸጠው የታሸገ ዱቄት እዚህ አይገኝም።

መልስ፦ የጥንቸሎች ወዳጅ፣ አዲስ አበባ

ያ ዱቄት እኛም ጋ እንደ ልብ አይገኝም፤ እኔ ለዓመታት የሠራሁበትን ልንገርሽ። ንጹሕ ደረቅ ሣር በመቀስ አድቅቀሽ በሙቀጫ ውቀጪ ወይም በቡና መፍጫ ፍጪ፤ ቡና የቀረበት መፍጫ እንዳይሆን በደንብ እጠቢው፣ ቡና ለጥንቸል ጎጂ ነው። ከዚያ በወንፊት ንፊው። የተነፋውን ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጪው፤ ለማያያዝ ያህል ትንሽ የተቀቀለ ዱባ አድቅቀሽ ጨምሪበት፤ ጨውና ስኳር የለውም። ወፈር ብሎ ግን በስሪንጅ አፍ የሚያልፍ ይሁን።

መርፌው ይውለቅ። በፎጣ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ አስቀምጫት፤ ጀርባዋን አዙረሽ አታጋድሚያት። ስሪንጁን ከፊት ጥርሶቿ ጀርባ ባለው ክፍተት በጎን አስገቢና ጥቂት ጥቂት ግፊ፤ አኝካ እስክትውጥ ጠብቂ። ለአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ የእናንተዋ ሁለት ኪሎ ስለሆነች ከ20 እስከ 30፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ። የመጀመሪያውን ጊዜ በትንሹ ጀምሪ። ውሃዋን ደግሞ ከጡጦ ይልቅ ሰፋ ባለ ሳህን አድርጊላት፤ ከሳህን የተሻለ ይጠጣሉ።

ጠያቂዋ (በማግሥቱ ማታ)

ተመልሰናል። ሐኪሙ በመብራት አፏን ሲያይ በግራ በኩል ካሉት የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች አንዱ እንደ መርፌ የሾለ ጠርዝ አውጥቶ የምላሷን ጎን ቆርጦታል። እኔም አየሁት፤ ነጭ ቁስል ሆኗል። ይህን ሁሉ ጊዜ በዚህ ላይ ልትበላ ስትሞክር እንደነበር ሳስበው አንጀቴ ተላወሰ። በማደንዘዣ አስተኝተው ሞረዱላት፤ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጧት፤ ማስታገሻውንም ጀመሩላት። በበጠጧ ተሕዋስ አልተገኘም።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ጎረቤቴ ማደንዘዣ የሚወስድ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ አይበላም ትላለች፤ ሐኪሙ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አብሏት አለኝ።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

ደስ ያሰኛል! ሐኪሙ ልክ ነው። ሰው የሚጾመው እንዳያስታውክና ወደ ሳንባው እንዳይገባ ነው። ጥንቸል አታስታውክም፤ ብታስርቢያት ደግሞ ለመከላከል የምንደክምለትን ያንኑ የአንጀት መዘግየት በእጃችን እናመጣባታለን። ከነቃች በኋላም ቶሎ መብላት አለባት። ምላሷ እስኪድን በስሪንጅ እየደገፍሽ ለስላሳ ቅጠል አቅርቢላት፤ የድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ፣ ሰላጣ። ጥቅል ጎመኑ ይቆይ፤ ጋዝ ይፈጥራል።

ፉርሽካውን በአንድ ቀን አትቁረጪ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሺው። እንጀራው ግን ዛሬውኑ ይቅር። ከምትበላው አብዛኛው ሣርና ድርቆሽ፣ ማለትም የደረቀ ሣር፣ መሆን አለበት። ማለዳ ላይ ያብረቀረቁ፣ ለስላሳና እርስ በርስ የተጣበቁ ትንንሽ በጠጦች ካየሽ ተቅማጥ መስሎሽ እንዳትደነግጪ፤ ጥንቸል እነሱን ከፊንጢጣዋ ተቀብላ መልሳ ትበላቸዋለች፣ ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኘው በዚህ ነው። ሳትበላቸው ወለል ላይ በብዛት ከቀሩ ግን ምግቧ ስታርች በዝቶበታል ማለት ነው።

ጠያቂዋ (ሰንበትበት ብሎ)

ቡላ ሣር እየበላች ነው! ስታኝክ ድምፁ ከሳሎን ይሰማል። በጠጧ ክብና ትልልቅ ሆኗል፤ አገጯም ደርቋል። አሁን ያስጨነቀኝ ክረምቱ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከመጋቢት ጀምሮ ምንም ነገር አይደርቅም። ድርቆሽ ከየት ላምጣ? አንድ ዘመድ ከቦዬ ረግረግ በኩል ሣር አጭድልሻለሁ ይለኛል።

መልስ፦ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ ጅማ

እትዬ፣ የረግረጉ ሣር ይቅርባት። የጉበት ትል የሚተላለፈው ረግረግ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው፤ እጩ ትሉ ሣሩ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፣ ከብትንም በግንም ጥንቸልንም ይይዛል። ከአዌቱ ወንዝ ዳርም እንዲሁ፤ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ነው። ከፍ ካለ ደረቅ መሬት የታጨደ ይሻላል። ግቢያችሁ አቮካዶ ካለ ደግሞ ፍሬውም ቅጠሉም እንዳይደርሳት፤ ለጥንቸል መርዝ ነው። ጅማ ውስጥ አቮካዶ የሌለበት ግቢ ስለማይገኝ ነው የማነሣው። ጫትም እንዲሁ፤ ገረባው ወለል ላይ ወድቆ አይቆይ።

መልስ፦ የቡና ገበሬ፣ አጋሮ

ስለ ጥንቸል አላውቅም፤ ሣር ስለማድረቅ ግን አውቃለሁ። ጥር ሲያልቅ ቡናው ደርቆ ተሰብስቧል፤ የማድረቂያ አልጋው ባዶውን ይቆማል። ሣሩን እሱ ላይ ሳሳ አድርገሽ አስጭው። ሽቦው ከታች አየር ስለሚያስገባ መሬት ላይ ከተሰጣው በጣም ቶሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ካለ ሦስት አራት ቀን ይበቃዋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጪው፤ ማታ ሸራ አልብሽው፣ ጤዛ ነው የሚያበላሸው። ደሾ ወይም ሮደስ ሣር ካገኘሽ አበባ ማውጣት ሲጀምር የታጨደው ይመረጣል፤ ካረጀ እንጨት ይሆናል። ለአንድ ጥንቸል ብዙ አያስፈልግም፤ ጥቂት ጆንያ ሞልተሽ ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይ ብትሰቅይው ክረምቱን ያወጣታል። ግንድ ግንዱን ስትሰብሪው ቀጭ ካላለ አልደረቀም፤ እንደዚያ ከታሸገ ይሻግታል። አልጋ ከሌለሽ አንቺ ሰው ላኪ፤ የእኔ ባዶውን ነው።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

ገበሬው ያሉትን ሁሉ ተቀበይ። እኔ የምጨምረው፣ የሻገተ ወይም አቧራው የሚያስነጥስ ድርቆሽ ካገኘሽ ሳትሳሺ ጣይው። ጤፍ ጭድም ጾሟን ከምታድር ይሻላል፤ ብቻውን ግን ምግብ አይሆናትም።

አንዴ የሾለ ጥርስ ተመልሶ ሊሾል ይችላል፤ ሣር መብላቷ ያዘገየዋል፣ ላያስቀረው ግን ይችላል። ስለዚህ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አፏን ደግመው ይዩላት፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ያገኙት ነገር ይወስነዋል። እስከዚያ በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኛትና ጻፊው። ጥንቸል ሕመሟን ደብቃ ስለምትቆይ ክብደቷ ከዓይንሽ ቀድሞ ይነግርሻል።

ጠያቂዋ

አባቴ ከአጋሮ፣ የእርስዎን አልጋ ነው የምንጠቀመው፤ እሑድ ባለቤቴ ይመጣል፤ ሣሩንም ከዚያው እናጭዳለን። የመዘኛውን ደብተር ልጄ ተረክባለች።