ንቃተ ህሊና ያለው ኮርቴክስ ላይ ነው ወይስ ከስር?

ኪያ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ንቃተ ህሊና ሲወራ ሁሌ የሚጠራው ኮርቴክስ ነው፣ ያ ላይ ላዩን የተጨማደደው የአንጎል ክፍል። ግን እኮ ለከባድ የሚጥል በሽታ ተብሎ በአንድ በኩል ያለው ኮርቴክሱ በቀዶ ጥገና የወጣለት ሰው ነቅቶ ያወራል ይጫወታል፣ ታላመስ (ከኮርቴክሱ ስር አንጎል መሃል ውስጥ ያለው ክፍል) መሃሉን ግን በግራም በቀኝም ትንሽዬ ስትሮክ ከመታው ኮማ ሊገባ ይችላል። ታዲያ ዋናው ነገር ከስር አይደለም እንዴ?

ናቲ፦
እኔም ወደዛ ነው የማደላው። በ1949 ሞሩዚና ማጉን የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰመመን ላይ ያሉ ድመቶች የአንጎል ግንድ ውስጥ ያለውን ሬቲኩላር ፎርሜሽን የሚባል የነርቭ መረብ በኤሌክትሪክ ሲያነቃቁት ኢኢጂው (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ምርመራ) ላይ የነበረው ትልልቅ ዘገምተኛ ሞገድ ጠፍቶ ልክ የነቃ እንስሳ ሞገድ ሆነ። ካረን አን ኩዊንላንም አለች፣ በ1975 ራሷን ስታ ሳትመለስ 10 ዓመት ቆይታ የሞተችው፣ አንጎሏ ሲመረመር ከኮርቴክሷ ይልቅ ክፉኛ ተጎድቶ የተገኘው ታላመሷ ነው!

ቤዛ፦
ቆይ ናቲ፣ ያለሱ አይሆንም ማለት እዛ ነው ያለው ማለት አይደለም። ልብም ቢቆም በሰከንዶች ራስህን ትስታለህ፣ ልብ ያስባል ግን አንልም። የኋላው የማየት ኮርቴክስ የተጎዳበትን ሰው እየው፣ ቁጭ ብሎ እያወራህ በዚህ በኩል ምንም አይታየኝም ይልሃል፣ ዝም ብለህ ገምት ስትለው ግን አንዳንዱ መብራቱ ያለበትን ቦታ በትክክል ይጠቁምሃል። መንቃት ሌላ፣ ምን እንደሚታወቅህ ሌላ።

ናቲ፦
እሱ ልክ ነሽ፣ ግን ያን ያህል የሚነጣጠሉ አይመስለኝም። ኮርቴክሳቸው ከሞላ ጎደል ሳይኖር የተወለዱ ልጆች አሉ፣ ሜርከር የሚባል ተመራማሪ በ2007 ስለነሱ ጽፏል፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ የለመዱትን ሰው ይለያሉ። እነዚህን ልጆች ምንም አይሰማቸውም ብሎ ህመም ማስታገሻ መከልከል ለኔ ጭካኔ ነው።

ሰላም፦
ሁለታችሁም የዘለላችሁት ግንኙነቱን ነው። በዛው በ2007 የወጣ ጥናት አለ፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ 6 ዓመት አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስተውል የነበረ የ38 ዓመት ሰው መሃል ታላመሱ ላይ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ቀጭን ሽቦ) ገብቶለት በአፉ መብላትና መናገር ጀመረ። ግን ኮርቴክሱ ላይ የቋንቋው መረብ ተርፎለት ነበር፣ ያ ባይኖር ኤሌክትሮዱ ብቻውን ምን ይናገር ነበር?

ኪያ፦
ኧረ ደስ ይላል! ታላመስ ሁሉም ነው ወይስ የሆነ ክፍሉ?

ሰላም፦
በተለይ መሃሉ ላይ ያሉት ኢንትራላሚናር የሚባሉት የነርቭ ህዋስ ስብስቦች ናቸው። በ2020 ሰመመን ውስጥ ያሉ ጦጣዎች ላይ ከነሱ አንዱን በሰከንድ 50 ጊዜ ሲያነቃቁት ዓይናቸውን ገልጠው እጃቸውን ይዘረጉ ነበር፣ ሰመመኑ ሳይቆም ማለት ነው፣ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ወዲያው ይመለሱበታል።