ነጭ ጭስ አልለቅ ያለው መኪና፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይፈታ?

ሰላም ወገኖች፣ መኪና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ፣ የ2003 ሞዴል፣ ቤንዚን ነው። ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል። የጠዋት ብርድ የሚያመጣው እንፋሎት ቢሆን ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋ ነበር። ይሄ ግን ሞቆም አይለቅም። ሽታውም ጣፈጥ ይላል። የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል፣ ከሥር ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ሳስነሳው ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የዘይቱን ክዳንም አየሁት፤ ውሃ ከዘይት ሲቀላቀል የሚታየው ወተት የመሰለ አረፋ የለውም፣ ንጹህ ነው። ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው።

አንዱ መካኒክ «ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይፈታ» አለኝ። ሌላው ማሸጊያ ፈሳሽ ጨምረህ ንዳ ይላል። ፈሳሹን እፈራዋለሁ፤ ራዲያተሩንም ሊደፍነው ይችላል። ከመፈታቱ በፊት የኮምፕሬሽን ምርመራ (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት መለካት) ወይም የራዲያተር ግፊት ፍተሻ ቁርጡን ይነግረኛል? ከተፈታስ፣ የቴስታታውን መጣመም ሳያስለኩ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም ያዋጣል? እንጀራዬ በዚሁ መኪና ነው፤ ግን ሞተሩ እንዳይነክስብኝ (ግሎ እንዳይጣበቅብኝ) ብዬ አቁሜዋለሁ። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። የደረሰባችሁ ካላችሁ በምን እንደለያችሁት ንገሩኝ።