«የምግብ ክፍተት» አሉን!

ቦርከና፦ የዛሬውን የስብሰባ ሪፖርት የሰማ አለ? በልጉ ከሽፏል፣ ሰው የእርሻ በሬውን ባቲ አውጥቶ እየሸጠ ነው፤ እነሱ «በአንዳንድ ቀበሌዎች ጊዜያዊ የምግብ ክፍተት ተስተውሏል» ይላሉ። ረሃብ ማለት ምን ያማቸዋል?

ላስታ፦ ረሃብ ለማለት መስፈርት አለው። ከ5 ቤተሰብ 1ዱ ጭራሽ የሚበላው ሲያጣ፣ ከ100 ሕፃን 30ው በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሲጎዳ፣ ከ10,000 ሰው በቀን 2 ሲሞት ነው። ሳይሞላ ማወጅም ውሸት ነው። ቃል ቦታ አለው።

ጦሳ፦ «ቃል ቦታ አለው» ኪኪኪ። እሺ እናስላው፤ 100,000 ሰው ባለበት ወረዳ በቀን 20 ሬሳ ካልወጣ ቦታ የለውም ማለት ነው። ገጠር የሞተውን ማን መዝግቦት?

ላስታ፦ እንደሱ አላልኩም! ረሃብ በምግብ እጥረት መለኪያው የመጨረሻው፣ 5ኛው ደረጃ ነው፤ እሱ ሳይደርስ 3ኛና 4ኛ አሉ፤ እርዳታ መድረስ ያለበት ያኔ ነው።

ወረባቦ፦ ደረጃውን ተዉትና የሕፃናቱን የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ እዩ። ከ11.5 ሴ.ሜ በታች ቀይ ነው፣ በጽኑ የተጎዳ፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ በመጠኑ የተጎዳ። ግራ ክንድ ተንጠልጥሎ፣ በትከሻና በክርን መሀል ነው የሚለካው። ጥብጣቡ ላላ ካለ ቀዩ ልጅ ቢጫ ሆኖ ያርፈዋል። እግሩ ያበጠ ልጅ ደግሞ ክንዱ 13 ቢሞላም በጽኑ ተጎድቷል፤ ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት 3 ሴኮንድ ጫን ሲሉት ይሰረጉዳል። እግር ያላየ ሪፖርት ደህና ብሎ ይጽፈዋል።

ጦሳ፦ ላስታ፣ ይሄስ ቦታ አለው?

ላስታ፦ እሱ የአለካክ ጥፋት ነው፤ የቃል አይደለም።

ቦርከና፦ የቆላውን ቁጥር ከደጋው ጋር ደምረው በአማካይ ሲያወጡትስ? «አንዳንድ ቀበሌ» የምትለዋ ከዚያ ነው የመጣችው።

ሐይቅ፦ ወሎ ይሄን ወሬ ለምዶታል። በ66 ረሃቡን ንጉሡ ደብቀውት በጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው ያወጣው።

ጦሳ፦ ያንተ ደርግስ? መስከረም 77 አሥረኛ ዓመቱን ሲደግስ ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር።

ሐይቅ፦ «ያንተ»? የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ መጋቢት 76 ለጋሾችን ተማጽኗል፤ ያልሰማው ፈረንጅ ነው።

ጦሳ፦ ለፈረንጅ ተማጽኖ፣ ለአገሬው ድግስ። ወይ ቦታ!

ላስታ፦ ቃሌን አታጣሙ። ዘንድሮ ያለአግባብ ብንጮህ ለከርሞ ማን ይሰማናል?

ወረባቦ፦ በሬው ከተሸጠ ለከርሞ ምን ሊታረስ? ስንት ልጅ ተለካ፣ ስንቱ ቀይ፣ ስንቱ እግሩ አብጧል፣ በየቀበሌው ይጻፍ። «ተስተውሏል» ይውጣ።

ላስታ፦ እሱ ይውጣ። «ክፍተት» ግን ይቆይ።

ቦርከና፦ ወላሂ ይሄ ሰው ሪፖርቱን ሳይጽፈው አይቀርም!

ሐይቅ፦ ጦሳ፣ የ76ቱን አልመለስክልኝም።