"አረም እንብላ"፦ የጋራ አትክልት ቦታችን ረቂቅ ዕቅድ፣ አስተያየት እስከ ዓርብ (አባላት በያዙት ቦታ ቁጥር ተጠቅሰዋል)

ሰብሳቢ፦ ለገንዘብ ድጋፉ የምናስገባው ማመልከቻ ይሄ ነው። ርዕስ፦ "አረም እንብላ"። አንድ የቅምሻ ቀን፣ የሚበላውን ቅጠል ከማይበላው የሚለይ አንድ መለያ ወረቀት፣ ፀረ አረም የማይረጭበት አንድ መደብ። ቅጠሎቹ ዳንደላየን (ቢጫ አበባ ያለው)፣ ፐርስሌን (መሬት ላይ የምትነጠፈው)፣ አሉማ፣ አመድማዶና ሳማ። ከ2 ገጽ እንዳይበልጥ። አምና 9 ገጽ አስገብተን የሆነውን ታውቃላችሁ።

ቦታ 12፦ ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ። ዳንደላየን ሳያብብ ይለቀም፣ ካበበ በጣም ይመራል። ሳማም ሳያብብ ይለቀም። ከተቀቀለ መለብለቡን ይተዋል።

ቦታ 4፦ ፎቶው በእኔ። እሁድ አነሳለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ "አረም" የሚለው ይውጣ። አረም ልንበላ ነውና ገንዘብ ስጡን ይባላል?

ቦታ 7፦ አረም አረም ነው። ምን ልትለው ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ማመልከቻውን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ። የሚሳቅብኝም እኔ።

ጸሐፊ፦ "የጓሮ ቅጠሎች" ብንለውስ?

ቦታ 7፦ ሰላጣም የጓሮ ቅጠል ነው።

ቦታ 15፦ ዳንደላየን የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ "የአንበሳ ጥርስ" ማለት። ቅጠሉ ጥርስ ጥርስ ስለሚል። "የአንበሳ ጥርስ ቀን" ይባል። ሞገስ አለው።

ቦታ 7፦ ፈረንሳዮቹ ዛሬ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? "አልጋ ላይ ሽንት"። ሽንት ያበዛል ስለሚባል። እሱን ርዕስ እናድርገዋ።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮ ሳይከፍሉ መቀለድ ጥሩ ነው።

ቦታ 7፦ ቧንቧውን ከኪሴ ያሠራሁት ተረሳ? ከኮሚቴው አውጡኝ። በቃ።

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተዉ እባካችሁ።

ቦታ 12፦ እናንተ በስም ተጣሉ። እኔ የምፈራው ሰው እንዳንመርዝ ነው። ከፐርስሌን ጋር አብሮ መሬት ላይ የሚነጠፍ፣ እሷን የሚመስል መርዛማ ተክል አለ። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ፐርስሌን ወተት የላትም፣ ቅጠሏም ወፈር ያለ ነው።

ጸሐፊ፦ "ወተት የሚያወጣ አይበላም" ብዬ በደማቁ አስገባሁት።

ቦታ 12፦ አጥፊው! ዳንደላየን ራሱ ወተት አለው። ደንቡ ለፐርስሌን ብቻ ነው። ዳንደላየን የሚታወቀው በአበባው ዘንግ ነው። ውስጡ ባዶ፣ ቅጠል የለው፣ ቅርንጫፍ የለው፣ በአንድ ዘንግ አንድ አበባ። ፀጉራም ቅጠልና ቅርንጫፍ ካለው ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ፐርስሌን፣ አሉማና አመድማዶ ኦክሳሌት (ለኩላሊት ጠጠር ምክንያት የሚሆን ንጥረ ነገር) ስላለባቸው የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ተቀቅለው ውሃው ሲደፋ ይቀንሳል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድም ሐኪሙን ሳያማክር ዳንደላየን እንዳያበዛ፣ ቫይታሚን ኬው ብዙ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይኸው! አረም፣ ሽንት፣ መርዝ፣ የኩላሊት ጠጠር። ይሄን ይዤ ልግባ?

ቦታ 15፦ የሥሩ ቡናስ? ሥሩ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ይጠጣል። ካፌይን የለውም። ይሄ ለጋሽ ይስባል።

ቦታ 12፦ ቡና አትበለው። ጥሩ መጠጥ ነው፣ ቡና ግን አይደለም።

ቦታ 15፦ እሺ፣ መደቡ ግን ይታጠር። ትናንት ውሻ እግሩን አንስቶበት አይቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አጥር! አጥር ይገባኛል። አጥር የሚስቅበት የለም።

ጸሐፊ፦ አጥር ካለ ታፔላም ያስፈልጋል፣ "መድኃኒት አይረጭም" የሚል።

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ 2፦ "የጓሮ ቅጠሎች መደብ፣ አጥርና ታፔላ"። የቅምሻው ቀን ወደ አባሪ ሄዷል። መለያ ወረቀቱ ቦታ ካለ ይገባል።

ቦታ 12፦ ወረቀቱ እኮ ዋናው ነበር።

ሰብሳቢ፦ ከ2 ገጽ አለፈ። ቦታ 4 የት ገባ? ፎቶ አለ?

ጸሐፊ፦ ከእሁድ ጀምሮ መልስ የለም።

ቦታ 7፦ ተመልሻለሁ፣ ለዚህ ብቻ ነው። ሊታጠር ያሰባችሁት መደብ ዛሬ ጠዋት ተላጭቷል። ማን ነው ያጨደው?

የጽዳት ኮሚቴ፦ እኛ ነን። አረም ሞልቶበት ነበር።

ቦታ 12፦ ዳንደላየኑ ችግር የለውም፣ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። አሉማዬን ግን!

ገንዘብ ያዥ፦ ታፔላው ላይ "አረም" የሚል ቃል እንዳይኖር በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።