ጆርናሉ “በሳምንት ላትምልሽ” ይላል፣ አማካሪዬ “ስም ጨምሪ” ይላሉ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሌክቸረሯ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። መስኬ ትምህርት ነው፤ የማስተርስ ጽሑፌ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ላይ ነበር። ለረዳት ፕሮፌሰርነት ማመልከት ስለምፈልግ አሳጥሬ አርቲክል አድርጌዋለሁ።

ሁለት ነገር ተደራርቦብኛል። አንደኛ፣ ከአንድ “ዓለም አቀፍ” ጆርናል ኢሜይል ደረሰኝ። “እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር” ብሎ ይጀምራል (ፕሮፌሰርነቱን ከየት እንዳመጡት እንጃ)። በ5 ቀን ገምግመን በሳምንት እናትማለን፣ ኢምፓክት ፋክተራችን (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) 7.9 ነው፣ ክፍያው 350 ዶላር ነው ይላል። ዶላሩን አሜሪካ ያለው ወንድሜ ልክፈልልሽ ብሎኛል። እንዲህ ዓይነት ቦታ አሳትመው ፕሮሞሽን ያገኙ ባልደረቦችም አሉኝ።

ሁለተኛ፣ አማካሪዬ “የእኔ ስም ይቅደም፤ የዲፓርትመንት ኃላፊውንም ሦስተኛ አድርጊው” አሉኝ። ኃላፊው ጽሑፉን አይተውት አያውቁም። ዳታውን የሰበሰብኩት፣ የተነተንኩት፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የፕሮሞሽን ማመልከቻዬ ደግሞ የሚያልፈው በኃላፊው እጅ ነው። እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የላይብረሪው ሰው

እህቴ፣ ወንድምሽ ዶላሩን ኪሱ ውስጥ ያቆየው።

የጻፍሽው ብቻ ይበቃል። በ5 ቀን የሚያልቅ ግምገማ የለም። የአንድ ጽሑፍ ገምጋሚ ፈልጎ እሺ ለማሰኘት ብቻ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ለማንኛውም እንዲህ አድርገሽ አጣሪው፦

መጀመሪያ በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ አትንኪው። የጆርናሉን አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን (የጆርናል መለያ) ቁጥር ያዢና ስኮፐስ በሚባለው የምርምር ጽሑፎች ማውጫ ላይ የጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጊ። ያለ ምዝገባ፣ በነፃ ይከፈታል። ስሙን ስታገኚው አትቸኩዪ፤ ከስሙ ጋር የተጻፉትን ዓመታት እዪ። “እስከ 2019” ካለ ከዚያ ወዲህ ስኮፐስ አይመዘግበውም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ጆርናሉ አንድ ጊዜ ገብቶ ነበር፣ ተባረረ፣ ድረ ገጹ ላይ ግን የስኮፐስ አርማ እስከ ዛሬ አለ። ሌላው ደግሞ የእውነተኛ ጆርናል ስምና ቁጥር ሰርቆ አስመሳይ ድረ ገጽ የሚከፍት አለ። ስለዚህ የድረ ገጹን አድራሻ ከራሱ ከአሳታሚው ገጽ ተነስተሽ አረጋግጪ።

ጽሑፉን በነፃ የሚያስነብብ ጆርናል ከሆነ ዲ.ኦ.ኤ.ጄ የሚባለውን ማውጫ እዪ። እ.ኤ.አ. በ2003 ስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ ጆርናል የሚያስገባው አጣርቶ ነው።

አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን አለው፣ ዲ.ኦ.አይ (የአንድ ጽሑፍ መለያ ቁጥር) አለው፣ ጎግል ስኮላር ላይ ይወጣል የሚሉሽን እርሺው። እነዚህ መለያና መፈለጊያ ናቸው፤ የጥራት ማረጋገጫ አይደሉም። 7.9 የምትለዋን ቁጥርም ማን እንደሰጣት ጠይቂ። የታወቀውን ኢምፓክት ፋክተር የሚያወጣው ክላሪቬት የሚባለው ኩባንያ ነው። “ግሎባል” ምናምን የሚል ቅጽል ካለበት ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

የቢል ዝርዝር የሚባለውንም፣ አጠራጣሪ ጆርናሎችና አሳታሚዎች የተዘረዘሩበትን፣ ሰው ይልክልሻል። ባለቤቱ፣ የኮሎራዶው ላይብረሪያን ጄፍሪ ቢል፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ዘግቶታል። ሰዎች ቅጂውን ይዘው ቀጥለዋል፤ ለፍንጭ ይሆናል እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

መልስ፦ ቾክና ዳስተር

የላይብረሪው ሰው ያለው ልክ ነው፣ ግን መሬት ላይ ያለውን እንነጋገር። ስንቱ ኮሚቴ ነው ጽሑፉን ከፍቶ የሚያነበው? የሚቆጠረው ቁጥሩ ነው። እኔ የማውቃቸው ሰዎች ከፍለው አሳትመው ደሞዛቸው ተስተካክሏል። በዚህ ኑሮ ሌክቸረር ሆኖ መቆየትን የሚያውቀው የኖረበት ነው። እሷን ብቻዋን ጻድቅ ሁኚ ማለት ይከብዳል።

መልስ፦ የላይብረሪው ሰው

ቾክና ዳስተር፣ ኑሮው እንዳልከው ነው፣ አልከራከርም። ግን ትናንት ያለፈው ዛሬ ላያልፍ ይችላል። ትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ ጆርናሎችን መዝኖ እውቅና መስጠት ከጀመረ ወዲህ የየዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ “የት ነው የታተመው?” ማለት ጀምሯል። ነገ ውድቅ ቢባልባት ያንን ጽሑፍ ሌላ ጆርናል አይቀበላትም፤ አንዴ ታትሟላ። የሁለት ዓመት ሥራዋ እዚያው ይቀራል።

ይሄ ነገር በፍርድ ቤትም ታይቷል። ሃይደራባድ፣ ህንድ ያለውን ኦሚክስ የተባለ አሳታሚ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከሶት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖበታል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ክፍያውን ደብቆ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ መጠየቁ ነው። ሌላው፣ ደራሲዎች ጽሑፋችንን መልሱልን ሲሉ እምቢ ማለቱ። ስለዚህ እህቴ፣ “ለማየት ያህል ልላክላቸው” ብለሽ እንዳትሞክሪ። ለመውጣትም ክፈዪ የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ከስቶክሆልም

ስለ ገንዘቡ ልጨምር፤ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለማሳተም ሁልጊዜ አይከፈልም። ለማንበብ የሚያስከፍሉ የድሮ ዓይነት ጆርናሎች አብዛኛውን ጊዜ ከደራሲ ምንም አይወስዱም። “ኦፕን አክሰስ (ለሁሉም በነፃ የሚነበብ) ይሁንልሽ?” ብለው ሲጠይቁሽ “አይ፣ በተለመደው መንገድ” ማለት ነው።

ኦፕን አክሰስ ብቻ የሆኑትም ቢሆኑ የክፍያ ምሕረት አላቸው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የምርምር ጽሑፍ በነፃ ወይ በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም አለ፤ ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ናት፤ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ያንን አይተው ክፍያውን ይተዋሉ ወይ ይቀንሳሉ። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ምሕረቱን ጽሑፉን በምትልኪበት ቀን ጠይቂ። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ስትጠይቂ “አልፎሻል” ይሉሻል። ደግሞ ከጆርናሉ ጋር የምትጻጻፈው ደራሲ አንቺ መሆን አለብሽ፣ አድራሻሽም የኢትዮጵያ።

መልስ፦ ጋሽ መምህር

ልጄ፣ ስለ ስሙ ጉዳይ እኔ ልናገር። ብዙ ተማሪ አማክሬያለሁ።

አማካሪሽ ሁለተኛ ሆነው ቢገቡ ቅር አይበልሽ። ርዕሱን አብረው ካስተካከሉ፣ ረቂቁን አንብበው ካረሙ፣ ድርሻ አላቸው። መቅደም ግን የአንቺ ነው። በእኛ መስክ ብዙዎች የሚከተሉት የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ፣ በተማሪው መመረቂያ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ የተለየ ምክንያት ከሌለ ተማሪውን ያስቀድማል። ደንቡ የሚናገረው ስለ ዶክትሬት ነው፤ ለማስተርስ የማይሠራበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ኃላፊውን በተመለከተ፣ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ መስፈርት ግልጽ ነው። ደራሲ የሚባል ሰው በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ ሊኖረው፣ ጽሑፉን ጽፎ ወይ አርሞ ሊሆን፣ የመጨረሻውን ቅጂ ሊያጸድቅና ለይዘቱ ተጠያቂ ሊሆን ይገባል። አራቱም ናቸው፣ አንዱ አይበቃም። ወንበር ላይ መቀመጥ በውስጡ የለም።

ሰው ግን በደንብ አይረታም፣ በተለይ አለቃ። “ስምዎን አላስገባም” ብለሽ ፊት ለፊት አትግጠሚ። ብዙ ጆርናሎች ዛሬ እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ በጽሑፍ ያስሞላሉ። ያንን ቅጽ ይዘሽ ሂጂ። ባዶውን ቦታ ሲያዩት ነገሩ ራሱ ይናገራል። ኃላፊው መሬት ላይ የሠሩት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ለትምህርት ቤቶቹ ደብዳቤ ጽፈው ከሆነ፣ በምስጋናው ክፍል በክብር አስገቢያቸው።

ሌክቸረሯ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። ለጆርናሉ ኢሜይል መልስ አልሰጥም። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። አገር ውስጥ የት ልላክ? ለአማካሪዬስ እንዴት ብዬ ልጻፍ? ፊት ለፊት መናገር ያስፈራኛል።

መልስ፦ የላይብረሪው ሰው

ለርዕስሽ የሚሆኑ አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ የትምህርት ጆርናል፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የትምህርትና ሳይንስ ጆርናል፣ የባህር ዳር የትምህርት ጆርናል። የቅርብ እትሞቻቸውን አንብቢና የአንቺን ዓይነት ጥናት የሚወስደውን ምረጪ። ይዘገያሉ፣ እውነት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ መላክ ያለብሽ። የደረሰኙንም ኢሜይል አስቀምጪ፤ አንዳንድ ኮሚቴ “ተቀባይነት አግኝቷል” የሚል ደብዳቤ ስለሚቀበል የዩኒቨርሲቲሽን የሴኔት ሌጅስሌሽን (የውስጥ ደንብ) ከሪከርድ ጽሕፈት ቤት ውሰጂና ራስሽ አንብቢው። በወሬ አትመኚ።

መልስ፦ ጋሽ መምህር

እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፤ በቃል አይደለም፣ በኢሜይል፣ ቀኑ እንዲኖርሽ፦

“ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አርቲክሉን አያይዤ ልኬያለሁ። እርስዎ የትንተናውን ክፍል ስላስተካከሉልኝ በሁለተኛ ደራሲነት አስገብቼዎታለሁ። ጆርናሉ የእያንዳንዱን ደራሲ ድርሻ ስለሚጠይቅ ቅጹን አብሬ ልኬያለሁ፤ የእርስዎን እንዲሞሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የዲፓርትመንት ኃላፊያችንን በምስጋናው ክፍል ጠቅሻቸዋለሁ። እስከ አርብ አስተያየትዎን ብጠብቅ ደስ ይለኛል።”

የትንተናውን ክፍል ካላስተካከሉ ያስተካከሉትን ጻፊ፤ ውሸት አትጨምሪበት። እስከ አርብ ካልመለሱ ሰኞ ቢሯቸው ሂጂ፣ ቅጹን አትመሽ ይዘሽ።